ያልቀደድኩት ማኅተም

ማክሰኞ ነበር፤ የሻዕባን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ጉፍራን ሁለት ስክሪኖች በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው፣ ሦስተኛውን በብብቱ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ባናራስ ውስጥ ማደንፑራ የሚባለው መንደራችን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሪክሾ እንደ ልቡ አይገባም፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ተሸክሞት ነው የመጣው። ላቡ ግንባሩ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለት እጁ ስለተያዘ ሊጠርገው አልቻለም። መጋረጃውን ገልጬ ያየሁት ያኔ ነው። አየኝ፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

አባ ትኩር ብሎ ተመለከተው።

«አንተ የቃሲም ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ሃጂ።»

«አባትህ ሦስት ቀን ከሥራ ቀረ።»

«ሳሉ ብሶበት ነው፣ ሃጂ። ለሐሙስ ይመጣል።»

«ለሐሙስ ካልመጣ ጉድጓዱን ለሌላ እሰጠዋለሁ ብለህ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አለ ጉፍራን፣ ስክሪኖቹ አሁንም ትከሻው ላይ እንዳሉ።

ምድር ቤታችን አሥራ አንድ የሽመና ጉድጓድ አለው። ሐሩም ወርቀዘቦውም የአባ ነው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ የሚወረውሩት ሰዎች ጉልበታቸው ብቻ ነው የእነሱ። የጉፍራን አባት ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ጉፍራን ግን ጉድጓድ አልገባም አለ። ልጅነቱን የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ አሳለፈና፣ ሲያድግ ከተማው ውስጥ ካለው የኮምፒውተር ገበያ ደረጃ ሥር አንዲት ቁም ሣጥን የምታህል ሱቅ ተከራየ። ከባንክና ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ አሮጌ ማሽኖችን እየገዛ፣ ከአንዱ የደኅናውን ፈትቶ ለሌላው እየገጠመ ይሸጣል።

እኔ ተህሚና እባላለሁ፤ ሴቶች የሚጠቀለሉትን የሐር ልብስ፣ የሳሪን ንድፍ እሥላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ፣ የቤታችን ንድፍ ሠሪ ከነበሩት ሽማግሌ ጎን ተቀምጬ እያየሁ ነው የለመድኩት። በካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ክር በእርሳስ መሙላት ነው ሥራው፤ አንድ የሳሪ ጠርዝ አንድ ወር ይፈጃል። ሽማግሌው ሲሞቱ ንድፉ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት የዴልሂ ደንበኞቻችን በወረቀት አንቀበልም፣ በኮምፒውተር ካልሆነ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን አሉ። አባ ሠላሳ አምስት ሺህ ሩፒ አውጥቶ፣ «ከዚህ ሌላ አንዲት ሩፒ የለም» አለ። በዚያ ገንዘብ ከሱቅ አዲስ ማሽን ቢገዛ ለሙዚቃ ማዳመጫ እንጂ ለንድፍ አይሆንም ነበር። ጉፍራንን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ሬሀን ነው፤ ልጆች ሆነው አንድ ሜዳ ላይ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር።

ጉፍራን ስክሪኖቹን በተርታ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከጀርባ ቦርሳው ካወጣው ላፕቶፕ ጋር አንድ በአንድ ያገናኝ ጀመር።

«ሰው ኮምፒውተር ሲያሠራ ገንዘቡን ሳጥኑ ላይ ይጨርስና ለስክሪን ፍርፋሪ ያስቀራል» አለ፣ ፊቱን ወደ ሬሀን አድርጎ፣ ድምፁን ግን እኔ እንድሰማ ከፍ አድርጎ። «ፕሮሰሰሩ ከባንክ የወጣ ይሁን፣ ግድ የለም። ሳጥኑ የተቧጨረ ይሁን። የግራፊክስ ካርዱም ያገለገለ ይሁን። ሚሞሪው ብቻ በዛ ይበል። ስክሪኑ ከዋሸ ግን ሁሉም ዋሸ ማለት ነው።»

«ሦስቱም ቀዩን ቀይ አድርገው ነው የሚያሳዩት» አለ ሬሀን። «ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለአንተ ልዩነት የለውም። አንተ ቲማቲምና ቃሪያ ከለየህ ይበቃሃል።»

እኔ ሳቄን አፍኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለሙሽራ ሳሪ የሚሆን፣ ቀለም ነካሪያችን እንደ ሮማን ፍሬ አድርጎ የነከረውን አንድ ጥቅል የሐር ክር ይዤ ወጣሁ። ጉፍራን ገባውና ስክሪኖቹ ላይ ተመሳሳዩን ቀይ ሞላ። ሐሩን መጀመሪያው ስክሪን ላይ ደገፍኩት፤ ስክሪኑ ወደ ብርቱካን ሸሸ። ሁለተኛው ላይ ደገፍኩት፤ ወደ ወይን ጠጅ ሸሸ። ሦስተኛው ላይ ስደግፈው ሐሩ ጠፋ። ክሩ የት አልቆ ብርሃኑ የት እንደጀመረ ዓይኔ መለየት አቃተው።

«ይኼኛው» አልኩ።

«ይኼኛው ነው» አለ እሱም እኩል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ በዚህ ጊዜ እሱም አላቀረቀረም።

አባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዋጋው?»

«ከሦስቱ ውዱ ነው፣ ሃጂ። ግን ከሠላሳ አምስቱ አያልፍም። ልዩነቱ ከእኔ ድካም ላይ ይነሳ።»

አባ ራሱን ነቀነቀ፤ በርካሽ ያገኘ ነጋዴ እንደሚነቀንቀው። እኔ ግን የአንድ ሳምንት ድካሙን በአንድ ቀይ ቀለም እንደለወጠው ገባኝ። የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ ተሰባሪ ዕቃ እጁ ላይ ያስቀመጡበት ትንሽ ልጅ እንደሚፈራው ያለ።

ማሽኑ እስኪገጣጠም ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሬሀን የቁራጭ ወረቀቶች ፖስተኛ ሆነ። ጉፍራን ስለ ሥራው ይጠይቃል፤ እኔ በተጣለ የካሬ ወረቀት ጀርባ ላይ እመልሳለሁ። ሬሀን መንገድ ላይ ያነባቸዋል፤ የሚደበቅ ነገርም አልነበረባቸውም።

«በአንድ ጊዜ ስንት ንድፍ ከፍተው ይሠራሉ?»

«አራት። አንዳንዴ አምስት።»

«እንግዲያው ሚሞሪውን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ትዕግሥትዎ እንዳያልቅ።»

«አንድ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ወር የሚቀመጥ ሰው ትዕግሥቱ አያልቅም።»

«እኔም አሥራ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ» ብሎ መለሰ።

ምን ሲጠብቅ እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የአባቱን ምሳ በሰሀን ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የክር ቁራጭ በቀለም በቀለሙ እለይ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቢጫ ክር ከመሬት አንስቶ ሰጥቶኛል። ያን ቢጫ ማስታወሴ ራሴንም አሳፈረኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት፤ እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

ሻዕባን በሃያ ማሽኑ መጣ። የተቧጨረ ጥቁር ሳጥን ነው፤ የባንኩ ቁጥር ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ ቀርቷል። ስንከፍተው ግን የመጀመሪያው ንድፌ ዓይን ጨፍኖ እስከመግለጥ ባለ ጊዜ ወጣ። አባ እንኳ «ይኼ ነገር ደኅና ነው» አለ፤ ለአባ ይህ ትልቅ ቃል ነው።

ጉፍራን ሥራውን ሲጨርስ ከኪሱ አንዲት ስስ ነጭ ወረቀት አወጣ። ጀርባዋ ይለጠፋል። ቀኑን ጻፈባት፣ ፈረመባት፤ ከዚያ ግማሿን የሳጥኑ ክዳን ላይ፣ ግማሿን ገላው ላይ አድርጎ ለጠፋት። ያለ እሷ መቀደድ ክዳኑ አይከፈትም።

«የገበያችን ሕግ ነው» አለ። «ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትናው ፈረሰ። ሰው እንዳይነካው። በየሦስት ወሩ ግን ውስጡ መጽዳት አለበት። በተለይ እዚህ ቤት፤ የሐር ብናኝ ማራገቢያውን አንቆ ነው የሚገድለው።»

አባ ሻይ እንዲቀርብለት አዘዘ። ሻዩ በሸማኔዎቹ ብርጭቆ መጣ፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ የሚመስል፣ አፉ የተሸረፈ ብርጭቆ ነው። የእንግዳ ኩባያችን እዚያው መደርደሪያው ላይ ይታያል። ጉፍራን በሩ ጋ፣ ጫማዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ጠጣ። ሲጨርስ ማንም ሳይነግረው ወደ ቧንቧው ሄዶ ብርጭቆውን አጠበና ከሌሎቹ የሸማኔ ብርጭቆዎች ጎን ደፋው። አባቱ ሃያ ስድስት ዓመት እንዳደረገው።

አባ ለሶላት ወጣ። ሬሀን ባዶ ካርቶኖቹን ይዞ ወረደ። ጉፍራን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆም አለና ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«እርስዎ ከቀደዱት ግን ዋስትናው አይፈርስም።»

የሚቀልድ መሰለኝ። የነገሥታት ልጅ ይመስል አንገቴን ቀና አድርጌ፣ «እኔ የሰው ማኅተም አልቀድም» አልኩት።

«እንደሱ አይበሉ» አለ። ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር፤ ፈገግታው ግማሽ ላይ ቀረ።

ከሄደ በኋላ ዓይኔ የሚመለሰው ከማኅተሙ ይልቅ ወደ ብርጭቆው ነበር። እርጥብ እንደሆነ ተደፍቶ ሲንጠባጠብ አየሁትና፣ በራሴ ቤት ውስጥ መድረሻ አጣሁ።

ሦስት ወር አለፈ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን በስስ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ማታ እንደ ሕፃን እሸፍነዋለሁ። ማኅተሟን እንዳላረጥባት ስጠርግ ዙሪያዋን እየዞርኩ ነው። ጽሑፉ የእሱ እጅ ነው። በሬሀን በኩል ይመጡ የነበሩት ወረቀቶች ማሽኑ ከመጣ በኋላ ቆመዋል፤ ከእሱ ዘንድ በየቀኑ የማየው የቀረኝ ያ ፊርማ ብቻ ነበር።

በዙልቀዕዳ ወር አንድ ቀን ሬሀን ከገበያ ተመለሰ።

«ጉፍራንን አገኘሁት። ሦስት ወሩ ሞልቷል፣ ማሽኑ ለጽዳት ይምጣ ወይ እያለ ነው። ካስፈለገ ራሴ መጥቼ እሸከመዋለሁ አለ።»

ወዲያው የታየኝ በራችን ላይ ሳጥን ተሸክሞ ሲቆም ነው። አባ ስለ አባቱ ሳል ሲጠይቀው፣ ጫማ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ብርጭቆውን ሲያጥብ። ሁለተኛ እንዲያ ላየው አልፈለግኩም።

«ምንም አልሆነም በለው» አልኩ። «ድምፁ እንኳ አይሰማም። መምጣትም አያስፈልገውም፤ አይድከም።»

«አይድከም ልበለው?»

«አዎ። አይድከም።»

«እንዲህ ያዘንሽለት ደንበኛ ሆኖ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» አለ ሬሀን እየሳቀ።

«ሂድ ወደዚያ።»

ከአንድ ውርደት ያዳንኩት መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ልቤ ቀሎት ዋለ። ስሠራ እንኳ አንጎራጎርኩ።

የአረፋ በዓል ካለፈ በሳምንቱ፣ ምሳ ላይ ነን፤ ሬሀን ሩዙን እየጠቀለለ እንደ ዋዛ አወራው።

«ጉፍራን ሱቁን ዘግቶ ሱራት ገባ። የጥልፍ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ሆኗል።»

«ሱራት ሩቅ ነው» አለ አባ። «ደመወዙ ግን ደኅና ነው ይባላል።»

እኔ ውሃ ቀዳሁ። ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ ነው ያስተዋልኩት። በኋላ ሬሀንን ጓዳ ውስጥ ይዤ፣ «ሲሄድ ምን አለ?» አልኩት።

«ምን ይላል? ‹እህትህ ምን አለች› ብሎ ጠየቀኝ፤ ምንም አልሆነም፣ አይድከም ብላለች አልኩት። ‹በራሷ አፍ ነው ያለችው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹እንግዲያው ሥራዬ አልቋል› አለ። ከዚያ ስለ ክሪኬት አወራን።»

ሥራዬ አልቋል። ይህን ቃል ስንት ቀን አመነዠክኩት። ለእሱ እኔ አንድ ሥራ ነበርኩ፤ ሳጥን ገጣጥሞ ፈርሞ የሄደበት ሥራ። ተናደድኩ፤ ማኅተሙን በጥፍሬ ልፈቅፍቀው ጠዋት ጠዋት እጄን እሰድና ፊርማው ላይ ስደርስ ጣቴ እንቢ ይለኛል። ልጠላው እንኳ አልሆነልኝም።

ሙሐረም ሊያልቅ ሲል ማሽኑ በሥራ መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋ ጀመር። መጀመሪያ በቀን አንዴ፣ ከዚያ በየሰዓቱ። ከዴልሂ የመጣ የሰርግ ሥራ ይዣለሁ፤ ቀኑ ደርሷል። ሬሀን ሳጥኑን በመዳፉ ነካና እጁን ቶሎ አነሳ።

«ምጣድ ሆኗል። አቧራ ነው። እንክፈተው።»

«ማኅተሙ ይቀደዳል።»

«ይቀደድ። ዋስትና የሰጠሽ ሰው ሱራት ነው ያለው።»

«አልቀድም።»

«ተህሚና፣ ይኼ ወረቀት ነው እንጂ የአያታችን ኑዛዜ አይደለም።»

ሬሀን ብሩሽና መፍቻ ፍለጋ ወረደ። እኔ መርፌ አመጣሁ። ማኅተሟ እንዳትቀደድ ጠርዟን በመርፌ ጫፍ እያነሳሁ፣ ትንፋሼን እያሞቅኩባት፣ ቀስ እያልኩ ላጥኳት። ሙሉዋን ወጣች። ክዳኑን ሳብኩት።

ውስጡ ግራጫ ብናኝ ለብሷል፤ አሥራ አንዱ ጉድጓዶቻችን በአምስት ወር የተነፈሱት ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። ከታች፣ የብረቱ ወለል ላይ፣ በአራት ማዕዘኑ በጥንቃቄ የተለጠፈ ወረቀት አለ። አቧራውን ጠረግኩት። የኔው ካሬ ወረቀት ነው፤ የኔው የእርሳስ አበባ ግማሹ ይታያል። ገልብጬ አነበብኩት።

«ተህሚና፣

ስምሽን ያለ ማዕረግ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺ ብዬ ለመጻፍ የደፈርኩት ብረት ሳጥን ውስጥ ስለተደበቅኩ ነው።

ይህን ካገኘሽ ማኅተሜን ቀደሽዋል። አንቺ ያን ያህል ከደፈርሽ እኔም ልድፈር። አባትሽ ለሸማኔ ልጅ እንደማይሰጡሽ አውቃለሁ። አንቺ እሺ ካልሽኝ ግን እናቴን እልካለሁ። አንዴ ቢመልሷት ሁለቴ ትመጣለች፣ ሁለቴ ቢመልሷት አሥሬ። እናቴ በር ላይ መቀመጥ አይሰለቻትም።

እሺ ካልሽ ማሽኑን ለሦስት ወር ጽዳት ላኪልኝ። ቃል አልፈልግም፤ ሳጥኑ ከመጣ ይበቃኛል። እንቢ ካልሽ አትላኪው። ዳግም አልጠይቅሽም፤ ዓይኔንም ወደ ደጃችሁ አላነሳም።

የኋላውን ማራገቢያ ስታጸጂ በጣትሽ ያዢው፤ ዝም ብሎ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ጉፍራን»

ሬሀን ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረ፤ መሃል ላይ መሬት ተቀመጠ።

«አይድከም» አለ ቀስ ብሎ። «‹አይድከም ብላለች› ብዬ ነው የነገርኩት። እየሳቅኩ ነው የነገርኩት፣ ተህሚና።»

ልወቅሰው አልቻልኩም። ቃሉ የኔ ነበር፤ እሱ ያደረሰው አንዲት ፊደል ሳይጨምር ነው።

ሬሀን ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ያነሳው ሰው ድምፁ የማይታወቅ ነው። ሬሀን ለሁለታችንም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«የጉፍራን ስልክ ነው» አለ ሰውዬው። «እኔ የክፍሉ ጓደኛ ነኝ። ትኩሳት ከያዘው ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ የትንኝ ትኩሳት ነው አሉን። ዛሬ ጠዋት ደም ሲነስረው ሆስፒታል አስገባነው። አንተ ወንድሙ ነህ?»

ሬሀን አየኝ።

«አዎ» አለ። «ወንድሙ ነኝ።»

እኔም ማን ነሽ ብባል ብዬ አሰብኩ።

አባ ምድር ቤት ሐር ይመዝን ነበር። ፊቱ ቆምኩ።

«አባ፣ ሱራት ልሂድ።»

«ሱራት ምን አለ?»

«ጉፍራን ታሟል። የቃሲም ልጅ።»

«አላህ ይማረው። አንቺ ምን ሊሆንሽ ነው የምትሄጂው?»

«ልጠይቀው።»

«ምኑ ነኝ ብለሽ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሆስፒታል በር ላይ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ? ምኑ ነኝ ትያለሽ?»

እናት ትሄዳለች። እህት ትሄዳለች። ሚስት ትሄዳለች። እኔ ለእርሱ የምሆነው ነገር ስም አልነበረውም፤ ስሙን ልሰጠው የምችልበት ሦስት ወር ነበረኝ፣ ያን ጊዜ ሳጥኑን ስጠርግ ነበር ያሳለፍኩት። ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ፣ ሐሩ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

አባ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ማንበብ ይከብደዋል፤ ጣቱ በየቃሉ ላይ እየቆመ ነበር የሚሄደው። ሲጨርስ ገልብጦ የእርሳስ አበባዬን አየ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ቃሲም ጀርባውን ሰጥቶን ይሸምናል። ሳሉ መጣበት፤ መወርወሪያው ቆመ፤ እንደገና ሄደ።

«እሱ ያውቃል?» አለ አባ በሹክሹክታ።

«ከሬሀንና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

አባ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«ሬሀን ይሂድ» አለ በመጨረሻ። «የልጁን እናትም ይዟት ይሂድ። ባቡሩን እኔ እከፍላለሁ። አንቺ ግን ከዚህ በር አትወጪም። ጨክኜብሽ አይደለም። ሰው ምን ይላል ብዬም አይደለም።» መነጽሩን አወለቀ። «ነው» አለ። «ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?»

እግሩ ሥር ወድቄ ልለምነው አስቤ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን እሱም እንደ እኔ የሚይዘው ያጣ ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ እና ማንን እንደምለምን ጠፋኝ።

ባቡሩ አንድ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በየጣቢያው ሬሀን ይደውላል። «ጃባልፑር ደረስን።» «እናቱ ምንም አልቀመሰችም።» «ቡሳቫል ቆመናል፣ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል።» እኔ ክዳኑ የተከፈተው ማሽን ፊት ተቀምጫለሁ። ላጸዳው እጄን እዘረጋለሁ፤ መልሼ አነሳዋለሁ። እሱ ሊያጸዳው ነው። መላክ አለበት እንጂ እዚህ መጽዳት የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር እያሰብኩ ነበር።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ።

«ደርሰናል» አለ ሬሀን። ድምፁ ተቀይሯል። «ሰው አይለይም። ግን ሐኪሙ ይሰማ ይሆናል ብሏል። ስልኩን ጆሮው ላይ ላድርገው ነው። ተናገሪ፣ እህቴ።»

ከወዲያ የጣራ ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማል። እናቱ ቁርኣን ትቀራለች። ከሁሉም በላይ ቀርቦ፣ ልክ እዚህ ጆሮዬ ሥር እንዳለ፣ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚል ትንፋሽ አለ።

«ጉፍራን» አልኩ። «ጉፍራን፣ እኔ ነኝ። ማሽኑ አቧራ ይዞታል። ልልከው ነው። አንተ ዘንድ ልልከው ነው። ሰማኸኝ? ማኅተሙን ከፍቼዋለሁ። ዘግይቼ ነው እንጂ ከፍቼዋለሁ። ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። በእንግዳ ኩባያ ሻይ አፈላልሃለሁ። ጉፍራን፣ እሺ ብያለሁ።»

ትንፋሹ ያው ነው። አልፈጠነም፣ አልዘገየም። እሱን «አንተ» ስለው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ የት እንደወደቀ ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

ከዚያ የሰው ኮቴ፣ የሴት ድምፅ፣ የሚጎተት አልጋ።

«ነርሷ መጣች» አለ ሬሀን፤ መስመሩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ላይ ያ የሙሽራ ቀይ በርቶ ነበር። ንድፉን ሳላስቀምጠው ማሽኑ በራሱ ጠፋ፤ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሬሀን በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ያዝኩት።

«ሰምቶኛል?»

«ጣቱን አንቀሳቅሷል።»

«ስናገር ነው ወይስ ከዚያ በፊት?»

ወንድሜ ሊዋሸኝ እንደፈለገ ከዓይኑ አየሁ። አልቻለም።

«አላውቅም፣ ተህሚና» አለ። «ስልኩ ከጆሮው ላይ እንዳይንሸራተት ስልኩን ነበር የማየው።»

ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ለሱ የሐዘን እንግዳ በሚመጣበት ቤት እኔ እንግዳ እንኳ መሆን አልችልም ነበር፤ ለቅሶዬን የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

ጉፍራን ያረፈው በዚያው ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በፊት ነው፤ ዓርብ ሱራት ተቀበረ። ቃሲም ከሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ ተመለሰ። አባ ሻዩን በገዛ እጁ ይዞለት ወረደ፤ በየትኛው ብርጭቆ እንደሆነ አላየሁም። ማሽኑን ሬሀን ሰገነት ላይ አውጥቶ በብስክሌት ጎማ መንፊያና በብሩሽ አጸዳው፤ የኋላውን ማራገቢያ በጣቴ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በሥራ መሃል ጠፍቶ አያውቅም።